ቀለሙን የወሰነው የምዕራቡ መስኮት፦ የወጥ ቤት ካቢኔት ሥራ ማስታወሻ ከአዳማ

ጥር 6

አሮጌውን የወጥ ቤት ካቢኔት አውርደን በአዲስ ለመተካት ከተስማማን በኋላ የቀረው ክርክር የቀለም ነው። ባለቤቴ ወደ ጥቁር የሚጠጋ የከሰል ቀለም ይፈልጋል። እናቴ «ቆሻሻ የማያሳይ» የምትለውን ጠቆር ያለ የእንጨት ቡኒ ትመርጣለች፤ እኔ ደግሞ ወደ ነጭ አደላለሁ። አናጢው ቀለሙ ካልተቆረጠ ጣውላ እንደማይገዙ ስለነገሩን፣ በስሜት ከመወሰን ይልቅ ሥራውንና ፍተሻውን በቅደም ተከተል መጻፍ ይሻላል ብዬ ይህን ማስታወሻ ጀመርኩ።

ክፍሉ 3.20 በ2.60 ሜትር ሲሆን ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.70 ሜትር ነው። ረጅሙ የካቢኔት መስመር በሰሜኑ ግድግዳ ላይ የሚዘረጋ ሲሆን ከላይም ከታችም ይኖረዋል፤ ምድጃውም እዚያው መካከል ላይ ነው። አጭሩ መስመር በምዕራቡ ግድግዳ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ የዕቃ ማጠቢያውን ይዞ ይሄዳል። የደቡቡ ግድግዳ በሩን የያዘ ሲሆን ከበሩ ጎን ለአንድ ረጅም ቁምሳጥን የሚበቃ ቦታ አለው። የምሥራቁ ግድግዳ ለማቀዝቀዣውና ለትንሽ ጠረጴዛ ተትቷል። እንጀራ የሚጋገረው፣ ቡናም በብዛት የሚቆላው በውጪው ማድ ቤት ስለሆነ የምጣዱ ጭስ እዚህ አይደርስም፤ ወጡ ግን የሚሠራው እዚሁ ነው።

ጥር 8

ስለ ብርሃን ያለውን ነገር በቁጥር ማየት ፈለግሁ። ቀለም አምራቾች እያንዳንዱ ቀለም ከሚያርፍበት ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚመልስ ከ0 እስከ 100 በሆነ መለኪያ ይገልጻሉ። ንጹሕ ነጭ ከ80 በላይ ይመልሳል፤ የከሰል ቀለም ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 በታች ነው፤ ይህም ማለት የደረሰበትን ብርሃን ከሞላ ጎደል ውጦ ያስቀረዋል።

የሚታየውን የካቢኔት ፊት ስለካው፣ የታችኛው መስመር በማዕዘኑ ላይ የሚደበቀው ሲቀነስ 4 ሜትር ርዝመትና 72 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ የላይኛው ደግሞ 3.20 ሜትር ርዝመትና 70 ሳንቲ ሜትር ቁመት ስላለው፣ በድምሩ ከ5 ካሬ ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል። የአራቱ ግድግዳዎች ስፋት፣ መስኮቱና በሩ ሳይቀነሱ፣ 31 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የካቢኔቱ ቀለም የግድግዳውን ስድስተኛ እጅ ይይዛል። መጠኑ ትንሽ ቢመስልም፣ ይህ ስድስተኛ እጅ ሰው ቆሞ ሽንኩርት በሚከትፍበት ትይዩ፣ ከደረትና ከዓይን ፊት ያለው ነው። የላይኛው ካቢኔት ከሥሩ ያለውን ጠረጴዛ በጥላው ስለሚሸፍነው፣ እዚያ የሚደርሰው ብርሃን አብዛኛው ከሌላ ነገር ተንጸባርቆ የመጣ ነው። አንጸባራቂው ሲጠቁር ጠረጴዛው አብሮ ይጨልማል። መብራት በሚጠፋበት ምሽት፣ በአንድ ሻማ ወይም በባትሪ ብርሃን ምን እንደሚመስል ለመገመት አያስቸግርም።

ባለቤቴ ይህን ካነበበ በኋላ «መብራት መጨመር ይቻላል» አለ። ትክክል ነው፤ የሚጨመረው መብራት ግን የሚበራው ሌሊት ብቻ ሳይሆን ቀንም ጭምር እንደሚሆን ነገርኩት።

ጥር 13

አናጢው የናሙና ቁራጮች አመጡልን። ሁሉም 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው፣ ፊታቸው በሜላሚን (ጠንካራ የፕላስቲክ ዓይነት ልባስ) የተለበጠ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨትና ሙጫ የተጨመቀ ሰሌዳ) ናቸው፦ የሚያብለጨልጭ ነጭ፣ ደብዘዝ ያለ ወተትማ ነጭ፣ የዋልነት እንጨት መስመር ያለው ጥቁር ቡኒ፣ ደብዛዛ የከሰል ቀለም፣ እንዲሁም ባለቤቴ በጣም የወደደው የሚያብለጨልጭ የከሰል ቀለም። ቁራጮቹ መዳፍ የሚያህሉ ስለነበሩ፣ ቢያንስ የአንድ በር ግማሽ የሚያህል እንዲሰጡን ለመንኳቸው። በመዳፍ ልክ ሲታይ ለስለስ ያለ የመሰለ ቀለም ግድግዳ ሲሞላ ይበረታል፤ ነጩ ይበልጥ ይነጣል፣ ጥቁሩም ይበልጥ ይከብዳል። «እህቴ፣ ሰው ሁሉ ከስልክ ላይ ፎቶ አሳይቶኝ ነው የሚያዘኝ» ብለው ሳቁና በማግስቱ ትልልቆቹን ላኩ።

ስለ ቁሱም ተነጋገርን። ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ተለብጦ የተዘጋጀው ሜላሚን ነው። ሁለተኛው ጥሬ ኤምዲኤፍ ቆርጦ፣ ስቱኮ መትቶ፣ አሸዋ ወረቀት አድርጎ ቀለም መርጨት ነው። ሦስተኛው በሙቀት የተሳበ የፒቪሲ (ስስ ፕላስቲክ) ልባስ ያለው በር ነው። ቀለም የሚረጨውን አናጢው ያደንቁታል፤ መገጣጠሚያው አይታይም፣ ጠርዙም ክብ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለነጭ ቀለም አንድ ችግር አለበት፦ ዘይት ቀለም የሚባለው የአልኪድ ቀለም ከጊዜ ብዛት ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ይህም የሚብሰው ብርሃን በማያገኝ ቦታ ነው። የበሩ ፊት ነጭ ሆኖ ውስጡ፣ ተዘግቶ የሚውለው ገጽ፣ ቢጫ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በውሃ የሚቀጠን ቀለም ይህ ጠባይ የለውም። የፒቪሲውን ልባስ በተመለከተ፣ ከምድጃ ሙቀት አጠገብ ሙጫው እየለቀቀ ጠርዙ እንደሚላጥ ጎረቤት ቤት ስላየነው አልተከራከርንበትም። ሜላሚን ላይ ተስማማን።

ጥር 16

ዛሬ ትልልቆቹን ናሙናዎች በሰሜኑ ግድግዳ ላይ፣ ካቢኔቱ በሚቆምበት ቦታና ከፍታ፣ ቀጥ አድርጌ አቆምኳቸው። ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ማየት ዋጋ የለውም፤ የተኛ ነገር ብርሃን የሚያገኘው ከላይ ሲሆን በር ግን ከጎን ነው የሚያገኘው።

ጠዋት ሁሉም ደኅና ነበሩ። ክፍሉ ጠዋት ቀጥተኛ ፀሐይ ስለማያገኝ የከሰሉ ቀለም ጸጥ ያለና የከበረ መልክ ነበረው፤ እውነቱን ለመናገር ከነጩ ይልቅ እሱ ደስ ይል ነበር። ነገሩ የተለወጠው ከሰዓት በኋላ፣ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነው። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በጥር ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከትክክለኛው ምዕራብ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው። በመሆኑም በምዕራቡ መስኮት የሚገባው ብርሃን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያቀናና የሰሜኑን ግድግዳ ፊት ለፊት ሳይመታ፣ ገጹን እየላሰ በአግድም ያልፋል። እንዲህ ያለው ብርሃን ምሕረት የለውም። በጠዋት ንጹሕ የነበረው የሚያብለጨልጭ የከሰል ቀለም፣ አንድም ሰው ሳይነካው፣ በአንድ ቀን የተቀመጠበትን አቧራ፣ የጨርቅ ክርና ናሙናውን ስናቆም የያዝንበትን ጣት ሁሉ ቆጥሮ አሳየ። ደብዛዛው ከሰል ከእሱ ቢሻልም የጣቱ ቅባት ጠቁሮ ይታይ ነበር። ዋልነቱ በመስመሮቹ ምክንያት ጥቂቱን ደበቀ። በሁለቱ ነጮች ላይ አቧራው አልታየም ማለት ይቻላል።

ለዚህ የከተማችን አቧራ ራሱ ምክንያት አለው። እዚህ በበጋ ከግቢ የሚነሣው ብናኝ እንደ ወለጋ ወይም እንደ ጂማ ቀይ አፈር አይደለም፤ ከስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ ከሚባለው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ የመጣ፣ ቀላልና ወደ ነጭ የሚያደላ ግራጫ ነው። ነፋሱም አይሰንፍም። በከተማይቱ ዙሪያ ኮረብቶች ላይ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ አንድና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ነገር አይደለም፤ እኛም ከዚያው ነፋስ ድርሻችንን በመስኮት እንቀበላለን። «ጥቁር ቆሻሻ አያሳይም» የሚለው አባባል ምናልባት አፈሩ ጥቁር በሆነበት አገር እውነት ይሆን ይሆናል። አመድማ አቧራ ባለበት አገር ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ጥቁር ነው።

ጥር 23

የወጥ ፍተሻ። ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው፣ በሽያጭ ቦታ የሚታየው ካቢኔት ሁሉ ምንም ያልተቀቀለበት ስለሆነ ነው።

በእያንዳንዱ ናሙና ላይ አምስት ነገር አስቀመጥኩ፦ በዘይት የተለወሰ በርበሬ፣ በውሃ የተበጠበጠ እርድ፣ የቀዘቀዘ ቡና፣ ንጥር ቅቤ የነካ ጣት፣ እንዲሁም የቧንቧ ውሃ ጠብታ። ግማሹን ወዲያው፣ ግማሹን በማግስቱ በለብታ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ጠረግሁ።

በርበሬው የፈራሁትን ያህል አልሆነም። በሜላሚኑ ፊት ላይ ከነጩም ሳይቀር ያለ ምልክት ለቀቀ። ችግሩ የታየው በናሙናው ጎን፣ ጠርዙ ሳይሸፈን በቀረበት ቦታ ነው፤ እዚያ ጥሬው ኤምዲኤፍ ዘይቱን እንደ ስፖንጅ ጠጥቶ ቀይ ሆኖ ቀረ። ይህ ከቀለም ምርጫ ጋር በቀጥታ የሚያያዝ ባይመስልም ይያያዛል፦ ነጭ በር ላይ የጠርዙ ልባስ በሚገባ ካልተጣበቀ በልባሱና በፊቱ መካከል ያለው ስስ መስመር ዘይትና አቧራ እየሳበ በጥቂት ጊዜ እንደ እርሳስ የተሰመረ ይሆናል። ጥቁር በር ላይ ይኸው ጉድለት ይኖራል እንጂ አይታይም። ጥቁርን ለሚመርጥ ሰው ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ነጭን የሚመርጥ ደግሞ ከአናጢው የተሻለ የጠርዝ ሥራ ለመጠየቅ ይገደዳል።

እርዱ ነጮቹን አሸነፈ፤ ያደረው ቢጫ በሳሙና አልለቀቀም። ሆኖም የእርድ ቀለም የፀሐይ ብርሃን አይችልም። የተበከለውን ናሙና መስኮቱ ላይ አስደግፌ ስተወው ቀን በቀን እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ለመለየት የሚያስቸግር ሆነ። ወተትማው ነጭ ከንጹሑ ነጭ ይልቅ ቅሪቱን በተሻለ ይሸፍናል።

ቡናው በየትኛውም ላይ ችግር አልፈጠረም።

የቅቤው ጣት በሚያብለጨልጩት ላይ፣ በነጩም በጥቁሩም፣ ታየ፤ በጥቁሩ ላይ ግን ከበሩ ማዶ ቆሞ ለሚያየው ሰው ጭምር ነበር የታየው። የውሃው ጠብታ ሲደርቅ በጥቁሮቹ ላይ ነጭ ክብ ትቶ ሄደ። ይህ ውሃው ሲተን በውስጡ ሟሙተው የነበሩ ማዕድናት የሚተዉት ቅሪት ስለሆነ፣ በደረቅ ጨርቅ ቢወለወል እንደገና ብቅ ይላል፤ በጥቂት ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ግን ይለቃል። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የሚቆም ጥቁር በር በቀን ስንት ጊዜ እንዲህ ያለ ጠብታ እንደሚያርፍበት እናቴ ራሷ አስባ «እሱስ ልክ ነሽ» አለችኝ፤ ከእሷ ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም።

ጥር 26

ትናንት ለእንግዳ ዶሮ ስለተሠራ የቁሌቱን ነገር ለማየት ምቹ ሆነ። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ረጅም ሰዓት ነው የሚቁላላው፤ በመጀመሪያ ውሃው በእንፋሎት ይወጣል፣ ኋላ ዘይቱና ቅቤው ከበርበሬው ጋር በማይታይ ጉም መልክ ይነሣል። ይህ ጉም ቀዝቃዛ ገጽ ሲያገኝ ያርፋል፤ በብዛት የሚያርፈውም ከምድጃው በላይ ባለው ካቢኔት ሥርና በበሮቹ የታች ጠርዝ ላይ ነው። አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ እጅ የሚይዝ ቡናማ ሙጫ ይሆናል። አሮጌውን ካቢኔት ሳወርድ በምድጃው በላይ የነበሩትን በሮች ከሌሎቹ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ አየሁ፦ ቀለማቸው አንድ የነበረ ቢሆንም አሁን አንድ አይደሉም።

በነጭ ላይ ይህ ቅባት ቢጫ ሆኖ ስለሚታይ ሰው ይጠርገዋል። በጥቁር ደብዛዛ ላይ መጀመሪያ እንደ ጥላ፣ ቀጥሎም እንደ እርጥበት የሚመስል ግራጫ ሽፋን ይሆናል፤ ሰው ቆሻሻ መሆኑን የሚያውቀው በእጁ ሲነካው ነው። እዚህ ላይ ከእናቴ ጋር ያለን ልዩነት ግልጽ ሆነልኝ። እሷ ካቢኔቱ ቆሻሻውን እንዲሸፍንላት ትፈልጋለች፣ ምክንያቱም ሳይጠረግ ማደሩ ያሳፍራታል፤ እኔ ደግሞ ገና ስስ ሳለ እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ከደረቀ በኋላ የሚፋቀው በኔ ክንድ ነው። ሁለታችንም ስለ አንድ ሥራ ነው የምናስበው፤ ሥራው የሚሠራበት ጊዜ ነው የሚለያየው።

ከምድጃው በላይ መሳቢያ ማራገቢያ መግጠም ከቀለሙ ምርጫ ሁሉ የበለጠ ለውጥ እንደሚያመጣ አናጢውም እኔም ተስማምተናል። ለሱ የሚሆን ቀዳዳ በሰሜኑ ግድግዳ እንዲበሳ ለግንበኛው ተነግሯል።

የካቲት 2

ስለ አምፖል አጭር ማስታወሻ። በገበያ ብዙ ጊዜ የምናገኛቸው የኤልኢዲ አምፖሎች ኬልቪን በሚባለው የብርሃን ቀለም መለኪያ 3000 የሆነው ቢጫማና 6500 ኬልቪን የሆነው ሰማያዊ የሚነካው ነጭ ናቸው። በቢጫማው ሥር ወተትማው ናሙና አርጅቶ ቢጫ የሆነ ይመስላል፣ ዋልነቱ ወደ ቀይ ይሄዳል፤ በ6500 ሥር ደግሞ የከሰሉ ቀለም ወደ ሰማያዊ ይሳባል፣ ንጹሑ ነጭም እንደ ክሊኒክ ግድግዳ ይደርቃል። በመካከል ያለው 4000 ኬልቪን ሁሉንም በየራሳቸው መልክ አሳየ። ስለዚህ አምፖሉ ከቀለሙ በፊት መወሰን አለበት፤ ሽያጭ ቦታ ያየነው ቀለም የዚያ ቦታ መብራት ቀለምም ነውና።

የካቲት 7

እናቴ ሌላ መከራከሪያ አመጣች፤ ጥሩም ነው። የታችኛው በር የእግርና የመጥረጊያ ጠላት ስላለበት ነጭ ከሆነ በጫማና በወለል መወልወያ ውሃ ይበላሻል ትላለች። አሮጌውን በር ስመረምር ጉዳቱ በእርግጥ አለ፤ ነገር ግን ያለው ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ ነው። ይህ ደግሞ የበሩ ሳይሆን ከበሩ ሥር ገባ ብሎ የሚሠራው የእግር መከለያ ቦታ ነው። የእግር መከለያው ጥቁር እንዲሆን ወሰንን። ውሃ የሚነካው ክፍል እሱ ስለሆነም ከኤምዲኤፍ ይልቅ ውሃ ከማይጠጣ የፕላስቲክ ሰሌዳ እንዲሠራ አናጢውን ጠየቅሁ።

ስለ መቧጨርም አየን። በቢላዋ ጫፍ በቀስታ ስንጭር፣ በከሰሉ ላይ ነጣ ያለ መስመር ወጣ፤ በወተትማው ላይ ግን የተጫረው ከአንድ ክንድ ርቀት አይታይም። ለዋልነቱ በገበያ የሚሸጥ የሰም እርሳስ ስላለ ጭረቱን መሸፈን ይቻላል። ይህን ለዋልነቱ እንደ ጥቅም መዝግቤለታለሁ፣ በዚህ ውድድር ብዙ ስላላገኘ።

የዋልነቱን ዕድል ያጠበበው ግን ሌላ ነገር ነው። መስመር ያለው ጣውላ ሲቆረጥ መስመሩ በሁሉም በሮች ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ መቆም አለበት። አንድ ጣውላ 1.22 በ2.44 ሜትር፣ ማለትም 3 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ መስመር የሌለውን እንደ ምቹነቱ እያዞሩ ስለሚቆርጡት ፍርፋሪው ያንሳል፣ መስመር ያለውን ግን ማዞር ስለማይቻል ትርፉ ይበዛል። አናጢው ለኛ በሮች በወረቀት ላይ ሲያሰሉት መስመር ያለው አንድ ተጨማሪ ጣውላ ጠየቀ።

የካቲት 12

ስለ ውስጡ ማንም አልተከራከረም። የካቢኔቱ ሣጥን ውስጡ ነጭ ይሆናል፣ ውጪው ምንም ይሁን ምን። ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ የታች ካቢኔት ውስጥ ብርሃን ወደ ኋላ አይደርስም፤ በጥቁር ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ጥቁር ድስት መፈለግ በእጅ ዳሰሳ ነው። በዚያ ላይ አዳማ ሙቅ አገር ስለሆነ በረሮ ቤት ይወዳል፤ የበረሮ ምልክት ቶሎ የሚታየው በነጭ ሰሌዳ ላይ ነው። የምስርና የሽሮ ዱቄት የሚቀመጥበትን ክፍል በተለይ በደንብ ማየት እፈልጋለሁ።

የካቲት 17

ውሳኔ።

የሰሜኑና የምዕራቡ መስመር፣ ከላይም ከታችም፣ ደብዛዛው ወተትማ ነጭ ይሆናል። ንጹሑን የሚያብለጨልጭ ነጭ የተውነው በምዕራቡ ፀሐይ ሰዓት ዓይን ስለሚወጋና የጠርዙን መስመር ይበልጥ ስለሚያጋልጥ ነው። ከላይ ነጭ ከታች ጥቁር የሚለውን አሠራርም አስበንበት ነበር፤ ብዙ ቤት ያምርበታል፣ ሰፊ ወለል ባለበት በተለይ። በኛ ክፍል ግን የዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው በር ጥቁር ሊሆን ነው ማለት ስለሆነ፣ የውሃውን ጠብታ ነገር እያወቅን አንገባበትም።

ባለቤቴም ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈም። በደቡቡ ግድግዳ የሚቆመው ረጅም ቁምሳጥን በደብዛዛው የከሰል ቀለም ይሠራል። ይህ ለእሱ የተጣለ ማባበያ አይደለም፤ የፀሐይዋን አካሄድ ስናይ ቦታው ለጥቁር የሚመች ሆኖ ስለተገኘ ነው። ፀሐይ ከትክክለኛው ምዕራብ ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ የምትጠልቀው ከመጋቢት 12 ገደማ እስከ መስከረም 13 ገደማ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በመስኮታችን ገብታ የደቡቡን ግድግዳ ልትልስ የምትችለውም በዚሁ ወቅት ነው። ከዚህ ውስጥ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብና ደመና የሚበዛባቸው፣ አቧራውም የሚተኛባቸው ወራት ናቸው። አቧራው በሚነሣበት ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ያ ግድግዳ በቀጥታ ፀሐይ አይነካም። የሚቀሩት የሚያዝያና የግንቦት ከሰዓት በኋላዎች ናቸው፤ ለነሱ መጋረጃ አለ። በዚያ ላይ ቁምሳጥኑ ከምድጃውም ከውሃውም የራቀ ነው። ባለቤቴ በስሌቱ ተደስቶ «ፀሐይዋ ለኔ ፈረደች» ብሏል።

የበር እጀታ ጥቁር ብረት ይሆናል። እጀታ የሌለው፣ በሩን በጣት እየገፉ የሚከፍቱት ዓይነት ለመልክ ቢያምርም፣ ጣት በየቀኑ በሩን ራሱን እንዲነካ ያደርጋል፤ እጀታ ካለ ግን ቅባቱ የሚሰበሰበው በሚጠረግ ትንሽ ብረት ላይ ነው።

የካቲት 25

ጣውላው ተገዝቶ ተቆረጠ። ለወተትማው ሦስት፣ ለከሰሉ አንድ ጣውላ ወሰደ፤ ከወተትማው የተረፈው ለመሳቢያ ፊቶች ይሆናል። ሁሉንም ወተትማ ጣውላ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ጭነት እንዲገዙ አናጢውን አደራ ብዬ ነበር፤ ነጭ ነጭ ሲባል አንድ ይመስላል እንጂ ከሁለት ጭነት የመጡ ነጮች ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ ግራጫ አንዱ ቢጫ ሆነው ይታያሉ። ጥቁር በዚህ በኩል የዋህ ነው።

ጠርዝ የሚለብደው ማሽን ያለው ሌላ ወርክሾፕ ነው፤ በሮቹ ሁሉ አራት ጎናቸው እዚያ ይለበዳል። አናጢው መጀመሪያ «የማይታየውን ጎን በእጅ እናድርገው» ብለው ነበር። የበርበሬውን ናሙና ጎን ሳሳያቸው ግን ጥቂት አዩትና በሮቹን ሁሉ ጫኑ።

መጋቢት 6

የሣጥኖቹ ገጠማ ተጀመረ። የታችኛው መስመር በውሃ ልክ ተስተካክሎ ቆመ፤ ወለሉ ወደ በሩ በኩል ዝቅ ስለሚል እግሮቹ የሚሽከረከሩ መሆናቸው ጠቅሟል። የላይኛው ካቢኔት ከጠረጴዛው 55 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ እናቴ ቁመቷ አጭር ስለሆነ ከዚያ በላይ እንዲሄድ አልፈቀደችም። ጥልቀቱ 33 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሰፊው ትሪ አይገባበትም፣ ትሪው ግን ድሮም የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው።

መጋቢት 11

በሮቹ ተገጠሙ። በነጭ በር መካከል ያለ ክፍተት ጥቁር መስመር ሆኖ ስለሚታይ፣ አንዱ በር በ2 ሚሊ ሜትር ሲዘም ከክፍሉ ማዶ ያስታውቃል። አናጢው ማጠፊያዎቹን ሲያስተካክሉ አብዛኛው ከሰዓት በኋላ አለፈ። የከሰሉ ቁምሳጥን ግን ተገጥሞ እንዳለቀ ቀጥ ብሎ ታየ፤ ክፍተቱም በሩም ጥቁር ስለሆኑ ዓይን የሚለካበት ነገር የለውም። «ጥቁር ለአናጢ ይራራል» አሉ።

መጋቢት 14

ከላይኛው ካቢኔት ሥር 4000 ኬልቪን የሆነ የኤልኢዲ ገመድ፣ ከፊት ጠርዙ በስተኋላ፣ ብርሃኑ ወደ ጠረጴዛው እንጂ ወደ ዓይን እንዳይመጣ ተደርጎ ተለጠፈ። የጣራው አምፖልም ወደዚያው ተቀይሯል። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በአንድ ሻማ ምስር ተለቀመ፤ በሻማው የሰሜኑ መስመር ክፍሉን ያስለየ ሲሆን የከሰሉ ቁምሳጥን ግን ከነመኖሩ ጠፍቶ ነበር፣ እጀታውን በዳሰሳ አገኘነው። ባለቤቴ ለቁምሳጥኑ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት ሊገዛ ነው።

የቀረው ሥራ ይህ ነው፦ በጠረጴዛውና በግድግዳው መገናኛ ሲሊኮን መሙላት፣ የመሳቢያ ማራገቢያውን ቧንቧ ወደ ውጪ ማውጣት፣ የእግር መከለያውን ማስገባት። ከወተትማው ጣውላ የተረፈ አንድ ቁራጭ አስቀምጠናል፤ በር ቢበላሽ ከዚያው ጭነት እንዲሆን። አናጢው ለመከለያው ማክሰኞ ይመጣሉ።